«ኑ ብቻ» ላለሽ ወንጌላዊ

በዚህ ሳምንት የመረጥኩት ደብዳቤ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ 27 ዓመቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን 14 ሆነን በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ አጥቢያ ለሚሽን ልንሄድ ነው። ጉዞው 10 ቀን ነው። መንደሩ ውስጥ የምንቆየው ግን 4 ቀን ብቻ። እኔ የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለአንድ ሰው 3,200 ዶላር፣ በድምሩ 44,800 ዶላር ሰብስበናል። የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ለማድረግና ግድግዳውን ለመቀባት ደግሞ 2,500 ዶላር ይዘናል። ሁለቱን ቁጥሮች ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው እንቅልፍ አጣሁ። ለመሪያችን ብነግረው “ይሄ የእምነት ማነስ ነው፤ ሰይጣን ነው እንዲህ የሚያሳስብሽ” አለኝ። የአጥቢያዋን ወንጌላዊ ምን ይዘንላችሁ እንምጣ ብዬ በቴሌግራም ጠየቅኩት። በድምፅ መለሰልኝ። ቃል በቃል ልጻፍልዎት፦ “ምንም አታምጡ፣ እናንተ ብቻ ኑ። ማደሪያ ቤት አለ። ውሃም አይጠፋም። ልጆቹም ከትምህርት ቤት መጥተው ይዘምሩላችኋል።” ሰውየው ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ታዲያ ምን ይሻላል? ጉዞውን ሰርዘን ገንዘቡን እንላክ ወይስ ዝም ብዬ ሻንጣዬን ልዝጋ?»

እህቴ፣ አስቀድሜ ስለ ሰይጣኑ ልንገርሽ። ሰይጣን ኤክሴል ላይ ሲደምር አይቼ አላውቅም። ገንዘብ ያዥ ቁጥር አይታ ካልደነገጠች ማን ሊደነግጥ ነው? መሪያችሁ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ያስፈራል፣ ነገሩ እሱ ነው።

ቁጥሩን እኔም ደመርኩት። ከ47,300 ዶላር ውስጥ ለመንደሩ የሚደርሰው ከመቶ 6 እንኳ አይሞላም። ያስደነግጣል። ግን «ትኬቱን እናስቀርና ሁሉንም እንላክ» ብትዪ ገንዘቡ እንዳለ ይሄዳል ብለሽ አትጠብቂ። አክስትሽ 100 ዶላር የሰጠችሽ አንቺ ስለምትሄጂ ነው። አንቺ ከቀረሽ ብዙዎቹ በትሕትና መልሱልን ይላሉ። ስለዚህ ክርክሩን በቁጥር ብቻ አትጀምሪው፣ ትሸነፊያለሽ።

እኔን ያስቆመኝ የድምፅ መልእክቱ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ባለፈው አዲስ አበባ ስትሄጂ እናትሽን ወይ አክስትሽን «ምን ላምጣ?» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር አይደል? ምን አሉሽ? «ምንም አታምጪ፣ አንቺ ብቻ በሰላም ነይ።» አንቺስ ምን አደረግሽ? ሁለት ሻንጣ ሞልተሽ ሄድሽ። ለእናት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለአጎት ጫማ፣ ለጎረቤቷ ቫዝሊን ሳይቀር። «አታምጪ» ማለት «አታምጪ» ማለት እንዳልሆነ ማንም አላስተማረሽም፤ ከእናትሽ ጋር ያደግሽ ልጅ ነሽ። ታዲያ ያኔ የገባሽ አማርኛ ከሐመር ሲመጣ ለምን ጠፋሽ? ተመሳሳይ ቲሸርት አሠርተን በቡድን ስንነሳ የሆነ ነገር ይነካናል። ፈረንጅ እንሆናለን። የተባለውን እንደተባለ እንወስዳለን።

አሁን መልእክቱን አብረን እንስማው። አንቺ የጠየቅሽው ምን እናምጣ ብለሽ ነው። ስለ ማደሪያ አልጠየቅሽም። ስለ ውሃ አልጠየቅሽም። ስለ ልጆች አልጠየቅሽም። እሱ ግን ሦስቱንም ዘረዘረልሽ። ሰው ሳይጠየቅ «ይሄ አያሳስባችሁ» የሚለው እሱን ያሳሰበውን ነው።

«ማደሪያ ቤት አለ።» የማን ቤት? ለ14 እንግዳ የተሠራ ባዶ ቤት እዚያ አጥቢያ ያለ አይመስለኝም። የራሱ ቤት ነው የሚሆነው። እናንተ ስሊፒንግ ባጋችሁን ስትዘረጉ እሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ጎረቤት ይጠጋሉ፤ አለበለዚያ ደጅ ቁርበት አንጥፈው ያድራሉ።

«ውሃም አይጠፋም።» እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ።

የ22 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአዲስ አበባ 11 ወጣቶች ሆነን እዚያው አካባቢ ሄደን ነበር። አርባ ምንጭ አደርን፤ በኮንሶና በወይጦ አድርገን ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ ደረስን። መንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። የፈለጉት ባዶ የውሃ ፕላስቲካችንን ነው፣ ውሃ መያዣ ይሆናቸዋል። እኛ ከረሜላ በተንንላቸው። ጊታርና ኪቦርድ ይዘናል፤ ጄኔሬተር ግን አልያዝንም። ኪቦርዱ አራቱንም ቀን ቦርሳው ውስጥ ዋለ።

በሁለተኛው ቀን አቧራው ከጸጉሬ አልወጣ ስላለኝ በሻምፑ ታጠብኩ። የወንጌላዊው ሚስት አንድ ጀሪካን አመጣችልኝ። አልበቃኝም። ሁለተኛ አመጣች። አረፋው በግቢው ሲፈስ ፍየሎች መጥተው አሸተቱት። እኔም ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ሴትዮዋ ከልጇ ጋር ቁልቁል ስትወርድ አየኋትና ተከተልኳት። ወንዝ ደረስን። ወንዝ ስልሽ አሸዋ ነው፤ በበጋ ላዩ ላይ አንድ ጠብታ የለበትም። ተንበርክካ በእጇ መቆፈር ጀመረች። ጉድጓዱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ዋጠው። ከዚያ ትጠብቃለች። ከታች ውሃው ቀስ እያለ ያቀረዝዛል። በስባሪ ቅል ትጨልፍና ቢጫ ጀሪካኗ ውስጥ ታንቆረቁራለች፤ እንደገና ትጠብቃለች። በምልክት «ልሞክር» አልኳት። ፀሐይ እስክትወጣ የጀሪካኑን ሩብ አልሞላሁም፤ አሸዋው ተንዶ ጉድጓዱን ደፈነብኝ። ሳቀችብኝና ሌላ ቆፈረች። ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው። ሲሞላ ጀርባዋ ላይ አዝላው ዳገቱን ወጣች።

ሁለት ጀሪካን ለአንድ ጸጉር። እስከ ዛሬ ሻምፑ ስከፍት ትዝ ይለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወንጌላዊውን አርባ ምንጭ ስብሰባ ላይ አገኘሁት። ስለ መዝሙራችን አላነሳም። ስለ ትምህርታችንም አላነሳም። «ባለቤቴ ሁልጊዜ ትጠይቃለች» አለኝ፣ «ያቺ ጸጉሯን የታጠበችው ልጅ ደህና ናት ወይ ትላለች።» ሴትዮዋ ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ምንም ቂም የለባትም። ለዚያ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

እናንተ የምትሄዱት በታኅሣሥ ነው፤ የአሜሪካ የእረፍት ሰሞን ስለሆነ። ሐመር ላይ ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ወቅት ነው። ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት ጀምሮ ነው። በደረቁ ወራት ብዙዎቹ ወጣቶች ከብት ይዘው ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ይርቃሉ። ልታገለግሏቸው ካሰባችኋቸው መካከል ብዙዎቹን አታገኟቸውም፤ የሚጠብቋችሁ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ያ አሸዋ ናቸው።

«ልጆቹም ከትምህርት ቤት መጥተው ይዘምሩላችኋል።» ይቺ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትከብዳለች። በሐመር አንድ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ትምህርት ቤት እንድትገባ አባት ማሳመን ቀላል አይደለም። ፍየል የሚጠብቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ክርክር ይዘው ከቤት ቤት ከሚዞሩት መካከል ወንጌላውያን አሉበት። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ዲመካ ወይም ቱርሚ ከተማ ዘመድ ዘንድ ወይም አዳሪ ሆነው የሚማሩ አሉ። አሁን ያው ሰው ለእናንተ ሲል በትምህርት መሀል «ኑና ዘምሩ» ሊላቸው ነው። ያሳመነው አባት ይህን ሲያይ ምን የሚል ይመስልሻል?

እንግዲህ «ደስ ብሎት ነው የሚያወራው» ያልሽው ሐሰት አይደለም፣ ደስ ብሎታል። እንግዳ ክብር ነው። ይሉኝታና ደስታ ግን አንድ ድምፅ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ። ያንን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ ቅር ሊልሽ የሚችል ነገር ልጨምር። «እኛ እኮ ኢትዮጵያውያን ነን፣ እንደ ፈረንጅ ሚሽነሪ አይደለንም» ትዪ ይሆናል። ለእነሱ ልዩነቱ ያን ያህል ላይታይ ይችላል። የሐመር ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ 46 ሺህ ገደማ ነበር፤ የራሱ ቋንቋ አለው። አማርኛ ላንቺ የእናትሽና የመዝሙርሽ ቋንቋ ነው። እዚያ ግን የጽሕፈት ቤት፣ የፖሊስና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ ነው የገባው። ከዚያም በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲወርድ አብሮ የወረደ ቋንቋ ነው። አያቶች ይህን ሲወርድ ሲዋረድ ሰምተውታል። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር እንግዳ «ምን ቸገራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው የሚመልሰው ለባለሥልጣን የሚመልሰውን ነው፤ «ሁሉ ደህና ነው፣ እናመሰግናለን» ይባላል።

ካሜራም እንዲሁ ነው። ሐመር ውስጥ ፎቶ ገበያ ነው። ቱሪስት በአንድ ፎቶ ይከፍላል፤ ሰውም መቼ ፊቱን እንደሚያዞር ያውቃል። 14 ስልክ ጸሎት ቤት ውስጥ ሲነሳ የሰዎቹ አቀማመጥ ይቀየራል። ዓይናቸው ከመጽሐፉ ወደ ስልኩ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻ ያንሳ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ። በርሜል ሙሉ ያገለገለ ልብስ ለመላክ ያሰባችሁም ካላችሁ ተዉት። አንድ ሰው ባመነ ማግስት ቲሸርት ከለበሰ ጎረቤቱ ወንጌልን የሚያየው እንደ ልብስ ለውጥ ነው። ቆዳዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብታ የምትጸልይ እናት ምን ጎደላት?

ጣሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ቆላ ውስጥ ቆርቆሮ በእኩለ ቀን ምን እንደሚመስል ጠይቂ፤ ሣር ክዳኑ የቀዘቀዘ ነው። ምናልባት ቆርቆሮ የሚፈልጉት እነሱው ናቸው፣ ምስጥ ሰልችቷቸው። ምናልባትም ከእናንተ ስላይድ ላይ የመጣ ሐሳብ ነው። ቀለም መቀባቱን በተመለከተ ግን፣ 14 ሰው አንዲት ጸሎት ቤት ለመቀባት አትላንቲክን ሲሻገር አስቢው። ዲመካ ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ በዚያ ቀን ሥራ የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም።

መሪያችሁ ታሪክ የሚወድ ከሆነ የወላይታን አስታውሺው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የውጭ ሚሽነሪዎቹን ከሶዶ ሲያስወጣ እ.ኤ.አ. 1937 ነበር። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ነው። በመሀሉ እንግዳ አልነበረም፤ እስራትና ግርፋት ነበር። ከዚያ በኋላ ወንጌልን ወደ አሪና ወደ ሌሎቹ የደቡብ ሕዝቦች ከወሰዱት ብዙዎቹ የወላይታ ገበሬዎች ናቸው። በእግራቸው ሄደው፣ ከሕዝቡ ጋር ሰፍረው፣ አርሰው እየበሉ፣ ቋንቋውን ለምደው ነው። ይህን የምልሽ «አትሂዱ» ለማለት አይደለም። አጥቢያዋ የእናንተን 4 ቀን ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሕፃን እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ስለዚህ ሰርዙት አልልም። በእኛ ዘንድ ሰው መጠየቅ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የታመመ የምንጠይቀው ልናክመው አይደለም፣ ለቀስተኛ ጋ የምንቀመጠው ሟቹን ልናስነሳ አይደለም። ሩቅ ያለችን ቤተ ክርስቲያን መጠየቅም ደግ ነው። ግን ጠያቂ 14 ሆኖ አይገባም፤ ገብቶም አልጋ አያስለቅቅም።

አራት ሰው ሂዱ። አንድ ላንድክሩዘር ይበቃችኋል። ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፣ አንዷ አንቺ። ድንኳናችሁን፣ ምግባችሁንና ውሃችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ውሃውን ቱርሚ ወይም ዲመካ ላይ ጭናችሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ለማየት የተያዘ ቀን ካለ (ሁልጊዜ አለ) ወደ መንደሩ ቀን ይዛወር። ጊዜውን ወንጌላዊው ሳይሆን የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ይምረጡት። «ከዝናቡ በኋላ ኑ» ካሉ አለቃችሁን ለምኑ እንጂ እነሱን አትለምኑ።

የቀሩት አስር ሰዎች ትኬት ገንዘብ ሁሉ አይተርፍም፣ ነግሬሻለሁ። ግን ግማሹ ሰጪ እንኳ «እሺ፣ ለእነሱ ይሁን» ቢል ከ2,500 በብዙ ይበልጣል። እሱን ለወንጌላዊው በግል እንዳትልኪ። ሰውየውን ስለማላምነው አይደለም። በድሃ መንደር አንድ ሰው እጅ ላይ ዶላር ሲገባ ያ ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር መኖር ያቅተዋል። ዘመድ ይጠይቀዋል፣ ሽማግሌ ይጠረጥረዋል። አጥቢያዋን በበላይነት የሚመራው የቤተ እምነቱ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በሁለት ወይም በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ አላቸው። በዚያ ይሂድ፤ ለምን እንደዋለም ሽማግሌዎቹ ያውቁት። የድጋፍ ደብዳቤም ከዚያው አጽፉ፤ ወረዳው ላይ «ማናችሁ?» መባላችሁ አይቀርም።

ስለ ጤና አጭር ነገር። አሜሪካ የኖረ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም፤ መከላከያውን ከሐኪም ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባትም እንዲሁ፤ ደቡብ ኦሞ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። መድኃኒት ሰብስባችሁ ልትወስዱ ካሰባችሁ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው የተለገሰ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት የሚቆይ ይሁን ነው። የሰው ጓዳ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ልገሳ አይባልም።

መሪያችሁን በግል አትከራከሪው። የድምፅ መልእክቱን በሚቀጥለው የቡድን ጸሎት ላይ አጫውቺላቸው። አንዴ ዝም ብለው ይስሙት፤ ሁሉም «ደስ ሲል!» ይላሉ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆምሽ ጠይቂ፦ የማን ቤት? ከየት የሚቀዳ ውሃ? ከየትኛው ትምህርት ቤት? መልስ አትስጪ። እናቶቻቸው ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው፣ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ጥያቄውን እስካሁን ያቀረብሽው ለወንጌላዊው ነው። ለሚስቱ አቅርቢው። በቴሌግራም ሳይሆን ሐመርኛ በምታውቅ ሴት በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከተቻለ ከቡና ገለባ የፈላውን በቅል እየጠጡ። «ምን ይጎድላችኋል?» እንዳትላት፤ «ምንም» ነው የምትለው። እንዲህ ብላ ትጠይቅልሽ፦ «ዝናቡ እንዴት ነው? ከብቱስ? ውሃ አሁን ከየት ነው የምትቀጂው? ባለፈው እንግዶች የመጡ ጊዜ በቀን ስንት ጊዜ ወረድሽ? ፍየሉን ከማን ቤት አመጣችሁት? እነሱ ሲተኙ እናንተ የት አደራችሁ?»

መልሱ ሲደርስሽ ኤክሴሉን ክፈቺና አዲስ ገጽ ጀምሪ። ለእኔም ላኪልኝ። ሻምፑውን ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ተይው።